ለእናቱ ስላለቀሰ እብድ ስለተባለው ልጄ

ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከትምህርቱ የተባረረው ልጄ ክንዴ አድማሴ እንዲመለስልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በአገው ምድር አውራጃ፣ የጥርባ ነዋሪ የሆንኩ ገበሬ ነኝ። ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎ ሰምቻለሁ፤ ልጄን እብድ ለማሰኘት ግን ጊዜ አላጡም።

፩. ባለቤቴ ወይዘሮ የሻረግ በግንቦት ወር አረፈች። በአገራችን መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ከደጅ ደርሶ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ዳንግላ ድረስ ወርጄ በስልክ ጽሕፈት ቤትዎን ለመንኩ። ምንም ሳትነግሩት እዚያው አዲስ አበባ ወዳለው አጎቱ ወደ ደርበው ቤት ላኩልኝ፣ የሚያረዳው እሱ ነው አልኩ። እሺ ተባልኩ።

፪. እሺ ያለኝ ጸሐፊዎ ግን ልጁን ለምሳ ከተሰለፈበት ጠርቶ፣ እናትህ ሞታለች፣ ፈተናህን እንዳትረሳ ብሎት ሄደ።

፫. ክንዴ ፍራሹን አንሥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጸጉሩን ተላጨ፤ ደረቱን እየመታ በእናቱ ቋንቋ በአገውኛ አለቀሰ። በእኛ ዘንድ ልጅ ለእናቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን ዘበኛ ሰደዱበት። እጁን በገመድ አስረው እብዶች ወደሚታከሙበት ሆስፒታል ወሰዱት፤ በሰኔም አእምሮው ታውኳል የሚል ወረቀት አስይዛችሁ ሰደዳችሁልኝ። አገውኛ የሚሰማ አንድ ሰው ብትጠሩ ኖሮ እናቱን በስሟ እየጠራ መሆኑን ይነግራችሁ ነበር።

፬. ኮሌጁ ለወባና ለቁስል ሐኪም አለው ይባላል። ከሩቅ አገር መጥቶ ሆድ ለባሰው ልጅ ያለው ግን ዘበኛ ብቻ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ልጆቻችንን ስንልክላችሁ ልባቸውን እቤት ያስቀረን መሰላችሁ እንዴ?

ስለዚህ ክንዴ በመስከረም ወደ ክፍሉ እንዲመለስ፣ ያመለጠው ፈተና እንዲሰጠው፣ እብድ ያላችሁበት ወረቀት እንዲሻር፣ ደግሞም የባላገር ተማሪ ሲከፋው የሚያነጋግረው፣ መርዶንም በወጉ የሚያረዳ አስተዋይ ሰው እንዲመደብ አመለክታለሁ። እምቢ ካላችሁ እርሻዬን ትቼ እመጣለሁ፤ ከደጃችሁም አልነሣም።

ልጄ የገባ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሊያስለቅሰው መጣ። እህቱ ማናለብሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጮኸች። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እስከ ዛሬም አላለቀሰም። ለእናትህ እንኳ አታለቅስም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አባቴ፣ ያስሩኛል አለኝ።

ለወጉ ያህል፣ ከሰላምታ ጋር

አድማሴ ሽባባው
(የጣት ምልክት)