ከቦነስ አይረስ የተነሣው እጅ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለፋውስቲኖ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለህ እየዋልህ ያመምህ ወገብህስ ተሻለው? ፍሎሬንሲያ ከሳሏ አገገመች? ልጆቻችሁስ ብርዱን እንዴት ቻሉት? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተቆጥቼ ነው። እስኪበርድልኝ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም።

እሑድ የሰፈራችን ስብሰባ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራልናል፤ የምንመርጠውም እኛ ነን። ወይ ለላይኞቹ ሦስት መንገዶች የውሃ ቧንቧ፣ ወይ ለኳስ ሜዳው ጣሪያ። የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝና የተነሣውን እጅ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ለውሃው ሰማንያ ሦስት፣ ለጣሪያው ሠላሳ አምስት ሆነ። ከቤታችን በላይ ያሉት ባልቴት፣ እማማ ሳቱርኒና፣ በጁን ወር ብርድ ውሃ ተሸክመው ሲወጡ በረዶ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። የተሰበረውን በሻሽ አንጠልጥለው በደኅናው እጃቸው ነው የመረጡት።

ጭብጨባው ሳያበቃ ሊቀ መንበሩ ዶን ኤሌውቴሪዮ ከቦርሳው ስድሳ ወረቀት አወጣ። ቦነስ አይረስ ሄደው የሚሠሩ የሰፈሩ ባለቦታዎች ድምፅ ነው አለ፤ ስድሳውም ለጣሪያው። ዘጠና አምስት ለሰማንያ ሦስት። ስቃወመው፣ «እትዬ መምህርት፣ እርስዎ እጅ ቆጠሩ፣ እኔ ደግሞ ወረቀት። ምን ያጣላናል?» ብሎ ሳቀ። እማማ ሳቱርኒና ከኋላ ሆነው፣ «የቦነስ አይረስ ሰው እጁ እዚህ ድረስ ከደረሰ፣ እስቲ ባልዲዬን ይሸከምልኝ» አሉት።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሃያ ሦስተኛው ያንተ ነበር። ተጭበርብሮ ቢሆን ደስ ባለኝ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ ፊርማው ያንተው ነው፣ ከፊርማው በላይ ያለው ጽሑፍ ግን የዶን ኤሌውቴሪዮ። ከስብሰባ ደጋግሞ የቀረ ሰው የቤት ቦታው ለሌላ ይሰጣል የሚለውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ያ ጥፋት የእኔ ነው። እናንተ ደግሞ ቦታችሁ እንዳይወሰድ ስትሉ፣ እንደተገኛችሁ እንዲቆጥራችሁ ባዶ ወረቀት ፈርማችሁለት ሄዳችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ያላነበባችሁትን አትፈርሙ ስል ኖርኩ። አንተ ጭራሽ ያልተጻፈውን ፈረምህ። ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም።

ቃለ ጉባኤው የሚጸድቀው ኦገስት 28 ነው። ከዚያ በፊት በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፦ በስብሰባው አልነበርኩም፣ ስለ ጣሪያ የጠየቀኝ የለም፣ ወረቀቴን ሰርዣለሁ በል። አሥራ ሦስት ሰው እንዲህ ቢጽፍ ውሃው ያሸንፋል። ካንተ ጋር አንድ ስፌት ቤት የሚሠሩትን የአሥራ ሁለቱን ስም አያይዣለሁ፤ አንተ አሥራ ሦስተኛ ነህ።

አልነበርኩም ብለህ ስትጽፍ ቦታህን ሊወስዱብህ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የምጠይቅህ። የሚወስዱብህ ከሆነ እቃወማለሁ፣ እጄንም አነሣለሁ፤ ከተሸነፍኩ ግን ውሳኔውን በቃለ ጉባኤው የምጽፈው እኔው ነኝ።

ፍሎሬንሲያን ሳምልኝ። ዊልመር ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፤ ትንሿ ዳማሪስ የሣለችልኝ ላማ ደርሶኛል፣ እግሩ አምስት ቢሆንም ወድጄዋለሁ። ለአማትህም አክብሮቴን አድርስልኝ።

ታላቅ እህትህ
ግሬጎሪያ
ኤል አልቶ፣ ቪያ ኩንቱርኒ
ኦገስት 10 ቀን 2005