ጥፋቱ የጎማው አይደለም

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሰሞኑን መንገዱ በረጠበ ቁጥር ሚኒባሴ ወደ ግራ እየተንሸራተተች መከራዬን አሳየችኝ። የፊት ጎማዎቿን ቀየርኩ፤ ጭራሽ ባሰባት። ዛሬ መካኒኩን ጌጤን ለምኜ ጋቢና አስቀመጥኩትና ተሳፋሪ ጭነን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወደ ወገዳ ተነሳን። በግራ በኩል ካለው ከመጀመሪያው ደብር ስንደርስ ተንሸራተተች። ሁለተኛው ደብር ጋም እንዲሁ። ጌጤ አፈጠጠብኝ።

«ጎማውም መሪውም ደህና ነው። ጥፋቱ ያንተ ነው! ቤተ ክርስቲያን ባየህ ቁጥር መሪውን ለቀህ ትሳለማለህ። በበጋ መንገዱ ይታገሥሃል፤ ጭቃ ግን አያውቅህም።»

ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳ ለራሴ አልታወቀኝም። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ታዲያ ሳልሳለም ልለፍ?

ከኋላዬ የተቀመጡት መምሬ አስማረ ገላገሉኝ። «ግድ የለህም ልጄ፣ አንተ መሪህን ያዝ፤ እኛ እንሳለምልሃለን» አሉ።

ሦስተኛው ደብር በግራ ብቅ አለ። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ፊት ፊቴን ብቻ አየሁ። ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ፋንታ ብድግ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ አጎነበሰ። መኪናዋ ቦይ ከመግባት ለጥቂት ተረፈች።

ዞር ብዬ ሳይ ጌጤም ያማትባል። እሱ ምን አለበት፣ መሪ አልያዘ!