«የጉልበት እናት» በመጀመሪያ የእኛ ነበሩ

ሁላችንም «የጉልበት እናት» እያልን የምንጠራቸው የውሾች መገጣጠሚያ ሐኪም፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የእንስሳት ሕክምና ማዕከላችን የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ መግለጫውን ቀድሞን በሩ ላይ እንደለጠፈ አይተናል። ቀድሞ መለጠፍ ግን ቀድሞ ማዘን አይደለም።

ሐኪሟ ገና ከትምህርት እንደወጡ የተቀጠሩት እዚህ ነው። የመጀመሪያውን የውሻ ጉልበት በመርፌ የወጉትም በእኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመገጣጠሚያ የቀዱትን ጠብታ ጓንት ባጠለቁ ሁለት ጣቶቻቸው መካከል ይዘው ቀስ ብለው መሳብ ልማዳቸው ነበር። የጤነኛ ውሻ ፈሳሽ እንደ ማር ይሳባል፤ መገጣጠሚያው በአርትራይተስ እየተበላ ሲሄድ ግን ይቀጥንና ክሩ ቶሎ ይበጠሳል። ዛሬ ማዶ ያሉት ይህንን «የእኛ አሠራር» እያሉ ለተማሪ ያሳያሉ።

በሥራ ዘመናቸው አጋማሽ፦ አንዳንድ ውሻ ገና ማነከስ ሳይጀምር የጉልበቱ ፈሳሽ እንደሚለወጥ አስተዋሉ። ይህን በመጀመሪያ የነገሩት ለእኛ ነው፣ እዚሁ ቧንቧ ሥር እጃቸውን እየታጠቡ። «እስቲ ደግመን እንየው» አልን። ደግመን እያየን ሳለ የማዶው ክሊኒክ ሰፊ ክፍልና አዲስ ማይክሮስኮፕ ሰጥቶ ወሰዳቸው፤ ግኝቱም በእርሱ ስም ታተመ። ማይክሮስኮፑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ይህ ቅናት ነው ለሚለንም መልሳችን አዎ፣ ቅናት ነው።

ወደ ማዶ ከሄዱ በኋላ፦ ዳልቻ የሚባለውን የራሳቸውን አንካሳ ውሻ የጉልበት ፈሳሽ በሁለት ብልቃጥ ከፍለው እንድንመረምረው ለሁለታችንም ይልኩ ነበር። የእኛ ሁልጊዜ ጎደል ያለ ይመስለን ነበር። አንድ ጊዜ የላቦራቶሪ ኃላፊያችን መንገዱን ተሻግረው የማዶውን ብልቃጥ በዓይናቸው አይተው «እኩል ነው» ብለው ተመለሱ። አላመንናቸውም።

ሐኪሟ ካረፉ በኋላ ዳልቻን ማን ይውሰደው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ውሻው አርጅቷል፤ ጉልበቱ በየቀኑ ካልታሸና ቀስ እያለ ካልተራመደ ከተኛበት መነሣት ያቅተዋል። ማዶዎቹ ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል አዘጋጁ። እኛ ያለን አሮጌ ብርድ ልብስ ነበር። ስለዚህ ሴት ልጃቸው ውሻውን ይዘው ወደ ግቢያችን ሲገቡ ከእኛ ጋር ሊያሰናብቱት መስሎን ተሰልፈን ቆምን።

«እማዬ ለእናንተ ስጪልኝ ብላኛለች» አሉን።

ለምን እንደሆነ ጠየቅናቸው።

«‹ማዶዎቹ ደጎች ናቸው፣ ሥራ ሲበዛባቸው ግን ይረሱታል። እነዚህ ቀናተኞች ግን ማዶዎቹ እንዳያዩባቸው ሲሉ አንድም ቀን አይረሱትም› ነው ያለችኝ።»

የዳልቻን ገመድ ተቀበልን።

ማዕከሉ ለቤተሰቦቻቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና ላከሟቸው ውሾች ባለቤቶች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለማዶው ክሊኒክ ባልደረቦችም እንዲሁ፤ እነርሱም እናት ነው የሞተችባቸው። ዳልቻ ደህና ነው፤ ጉልበቱ ዛሬም ታሽቷል። ከእንግዲህ የሚቀዳውን ፈሳሽ እንደ ሐኪሟ ልማድ በሁለት ብልቃጥ እንከፍላለን። እኩል መሆኑን ማዶዎቹ መንገዱን ተሻግረው በዓይናቸው ማየት ይችላሉ።