የማካሮኒዋ ልጅ

ሮቤ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ያ አላህ፣ ምን ጉድ ነው ዛሬ ያየሁት!

በልጅነቴ አጋርፋ፣ የስንዴ ማሳችን ዳር የተቀረጸ የቴሌቪዥን የማካሮኒ ማስታወቂያ ነበር። ሹካ ይዛ የምትስቀው ልጅ እኔ ነኝ እያልኩ አደግሁ። ትምህርት ቤት እንኳ «ማካሮኒ» ነበር የሚሉኝ። ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ ሀዋ ቴሌግራም ላይ አግኝታው «ነይ፣ ራስሽን እዪ!» አለችኝ። ልጅቷ ሹካውን የያዘችው በግራ እጇ ነው።

እኔ ግራኝ አይደለሁም። ግራኟ ሙና ነበረች፤ እኔ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ በኩፍኝ የሞተችው ታላቅ እህቴ። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። እማዬ ስለ እሷ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በቀኝሽ ብዪ ስላት እምቢ ትለኝ ነበር።»

ከሥራ አስፈቅጄ ጎባ፣ እማዬ ቤት ሄድኩ። ስልኩን ሳሳያት ደርቃ ቀረች።

«ለምን ዋሸሽኝ?» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮሄ አላውቅም።

«ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ስታዪያት ‹እኔ ነኝ!› ብለሽ ዘለልሽ። ሙና ከሞተች ወር አልሞላትም ነበር። አይደለሽም ማለት አቃተኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው፤ ድምፁን ጨምሪልኝ» አለችኝ። «ሳቋን ረስቼዋለሁ።»