የጥላ ቅጠሉን ለማን እንደተውሁ

ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ እኔ ጡረተኛው አትክልተኛ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን ቃል አስጽፌአለሁ። ምስክሮቼ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያና ጡረተኛው መምህር ናቸው። ሁለቱ ልጆቼም አሉ፤ ወንዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ሴቷ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

አንደኛ፤ የፊት ለፊቱ ሦስት ክፍል ቤት ለበኩር ልጄ ይሁን። የምሰጠው ወድጄው እንዳይመስለው። ሚስቱና ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ ብዬ ነው።

ሁለተኛ፤ በጓሮ ያሉት ሦስት ጉቶዎች የእሱ ናቸው፤ የእጁ ሥራ ናቸውና። ምስክሮች ልብ በሉ፤ አምና ሆስፒታል በተኛሁባቸው ሃያ ቀናት ውስጥ፣ እኔና እናቱ ተክለን ያሳደግናቸውን ሦስት ዛፎች አስቆረጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ ቅጠልህ ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ግንዱን ግን ለአናጺ ሰጥቶ ቁም ሣጥን አሠርቶበታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው።

ከዛፎቹ ሥር የነበረውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አያልፍም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር ይሰዳል፤ አንዴ ከያዘ ዓመት ከዓመት አይጠፋም፤ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያወጣል። እኛ ቤት የጥላ ቅጠል እንለዋለን። ፀሐይ ጠላቱ ነው። ምግቡ ከላይ የሚረግፍበት ቅጠል ነው፤ ስለዚህ መጥረጊያ አይደርስበትም። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሆነ አረሙ በጣት ይነቀላል እንጂ መኮትኮቻ አይነካውም። በኩር ልጄ አርባ ዓመት በዚያ ጓሮ ሲመላለስ አንዱንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከሆስፒታል ስመለስ ቅጠሉ ተኮማትሮ፣ አፈሩም ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። አንጀቴ አረረ፤ እስከ ዛሬም እንዳረረ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሴት ልጄ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እኔ ያልወደድሁትን ሰው አግብታ ስትወጣ፣ ከጥላ ቅጠሉ አንድ እፍኝ ከነሥሩ ነቅላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያዘች። እኔም ደጃፍ ላይ፣ ዕቃ በሚጭኑት ሰዎች ፊት «ሌባ!» አልኋት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ቀን ወዲህ እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠችም። ለእናቷ ቀብር እንኳ መጥታ፣ ከሩቅ ቆማ ሄደች። ድሮ «አባባ፣ እንዴት አደርህ» የምትለኝ ልጅ ዛሬ ስትገባ «እንደምን አደሩ» አለችኝ።

አራተኛ፤ ያንን ቅጠል ለእኔም ማንም አልሰጠኝም። በኮሌጁ ግቢ አትክልተኛ ሆኜ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት ከግቢው ዛፎች ሥር ነቅዬ፣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ደብቄ፣ ዘበኛው ፊት አሳለፍሁት። ምሳ ዕቃውን ነካ ሲያደርግ ከብዶት «ምነው ዛሬስ ሳትበላ?» ቢለኝ «ሆዴን አሞኝ» አልሁት። ለሚስቴም የሥራ ጓደኛዬ ሰጠኝ ብዬ ዋሸኋት። እንግዲህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ሌባ ካለ አንድ ነው፤ እሱም አሁን የሚናገረው ነው። ልጄ ሌባ አይደለችም። ጸሐፊ ሆይ፣ ይህችን አስምርባት።

አምስተኛ፤ ጓሮው በሙሉ ለሴት ልጄ ይሁን፤ ወንድሟ ጉቶዎቹን በስድስት ወር ውስጥ ነቅሎ ይውሰድላት። ዛሬ በሕይወት ያለው የጥላ ቅጠል እሷ ቤት ያለው ብቻ ነው፤ ከአጥሩ እስከ ደረጃው ደርሷል ብለውኛል። እሱንም አውርሻታለሁ። የራሷን ለራሷ ማውረሴ ቢያስቅም፣ ከአባቷ በስጦታ ያገኘችው መሆኑ ይታወቅልኝ።

በኩር ልጄ እዚህ ላይ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ቅጠል ነው?» ብሏል። እንዲህ ማለቱም ይጻፍ።

ስድስተኛ፤ ስሞት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከሴት ልጄ ጓሮ አንድ እፍኝ ተነቅሎ በመቃብሬ ላይ በእጇ ይተከልልኝ። አዲስ ተክል የመጀመሪያውን ዓመት በየሦስተኛው ቀን ውሃ ይሻልና ራሷ እየመጣች ታጠጣው።

ልጄ ይህን ስትሰማ «እዚያ ዛፍ የለም። በሁለት ሳምንት ይደርቃል። አልተክልም» አለች።

ጸሐፊው ቀና ብሎ ቢያየኝ ጻፈው አልሁት። እውነቷን ነው። እኔም ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። የፈለግሁት ቅጠሉን ሳይሆን የየሦስተኛውን ቀን መምጣት ነበር። እንዲሁ «ነይልኝ» ለማለት አፌ እንቢ ብሎኝ ነው። ተራ ቁጥር ስድስት ይሰረዝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።
ተናዛዥ፦ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ሲናገሩ ሰምተን፣ ሲፈርሙ አይተን ፈርመናል።
ልብስ ሰፊው፦ (ፊርማ)
የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ፦ (ፊርማ)
ጡረተኛው መምህር፦ (ፊርማ)

ተጨማሪ፦ ተራ ቁጥር ስድስትን የሰረዙት ተናዛዡ በገዛ እጃቸው መሆኑን፣ ሲሰርዙም ሴት ልጃቸው ከክፍሉ ወጥታ እንደነበር እንመሰክራለን።