ከሮም ፍራንክፈርት፣ ምሳ በመሀል

ሐሙስ፣ ጥር 14፤ ጊንጆ ሰፈር

እህቴን ሰሚራን ሊያገባ የሚፈልገው ከማል ዛሬ «ከአውሮፓ» ደወለ። አባባ የስልኩን ድምፅ አስጩኸው ቤቱን ሁሉ ሰበሰቡ። ከማል ከሮም ፍራንክፈርት ሲበር መዋሉን ነገረን። «መንገዱ ያደክማል። ግማሽ ላይ አውርደውን ምሳ በልተን ነው የቀጠልነው» አለ።

«ማሻአላህ! ተሳፋሪ የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው» አሉ አባባ።

እኔን ግን ምሳው አልዋጥልህ አለኝ። ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ርቀቱ ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ እንደማውቀው ተሳፋሪ አውርዶ ምሳ የሚያበላው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ነው፤ እሱም ወልቂጤ ላይ።

እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። አባባ ደግሞ «ልጄን ከአውሮፓ ሰው በቀር ለማንም አልሰጥም» ማለታቸው ከሰፈራችን አልፎ መንደራ ቆጪ ሰፈር ድረስ ተሰምቷል። ሰሚራን ጓሮ ወሰድኳትና «ይሄ ሰውዬ አውሮፕላን ተሳፍሮ ያውቃል?» አልኳት።

«ማሎ፣ እባክህ ቀስ በል! መርካቶ ጨርቅ ነው የሚሸጠው። እንዲህ በል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምሳውንም?»

«ያለ ምሳ ረጅም መንገድ ማን ያምናል?» ብላ ጭራሽ ተቆጣችኝ።

ሳሎን ስንመለስ አባባ «እስቲ ርቀቱን እይልኝ፣ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ሰሚራን አየኋት። «ኔትወርክ የለም» አልኩ።

«ይሁን። ለመሆኑ እዚያ መሀል ላይ ምን በላ ይሆን?»

«ክትፎ» አለች ሰሚራ፣ አምልጧት።

«ክትፎ? ወልቂጤ ነው እንዴ ያወረዷቸው?» አሉ አባባ።