አክስቴ የመረቀችህ ቀን ቤቱ ያንተ አይደለም

እኔ አባተ ባፈና ገሠሠ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት፣ ነዋሪነቴ በቦንጋ ከተማ፣ ዛሬ ኅዳር 18 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በመኖሪያ ቤቴ ተቀምጬ፣ ስማቸው ከታች በተጻፈ አራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ቃሌን የሚጽፉት ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው። ኩላሊቶቼ ሥራ ማቆማቸውን የጅማው ሐኪም ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ አላታለለኝም። ከዚህ በታች የምናዘዘው ጥፋትም የተሠራው በዚሁ ሙሉ አእምሮ ነው። «ያን ጊዜ አሞት ነበር» እያላችሁ ልታድኑኝ አትሞክሩ።

ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ ተሽሯል። በ1998 ዓ.ም. የጻፍኩት አንድ አለ፤ አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ ማውጫም አለው። አቃጥሉት።

ንብረት ከማከፋፈሌ በፊት ስለ አክስቴ ስለ ወይዘሮ አልጣሽ ገሠሠ እናገራለሁ፤ ይህ ኑዛዜ የሚደረገው በእሷ ምክንያት ነውና። እናቴ እኔን ወልዳ ስትሞት ያነሳችኝና ያሳደገችኝ እሷ ናት። ምላሷ ኮሶ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ዲግሪ ይዤ ስመለስ ጎረቤቱ እልል ሲል፣ «ላም ማለብ የማይችል ሰው፣ ሰው ሊቆጥር መጣ» ያለችው እሷ ናት። በእሷ አፍ ስሜ አባተ ሆኖ አያውቅም፤ «ወረቀት በል» ነው። የምትሳደበው በእናት ቋንቋዋ፣ በካፊኖኖ ነው። አማርኛ የምታወጣው ለእንግዳና ለመሥሪያ ቤት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እኔ ሳልይዘው ቀርቼ ነው ለዚህ የበቃሁት።

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ወራሾቼ በስም ማጥፋት እንዲከሰሱ አልፈልግም። ከሥራዬ አንዱ የአረጋውያን መጦሪያዎችን መቆጣጠር ነበር። የመቆጣጠሪያውን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ጥያቄ አለው። የአልጋ ብዛት፣ የብርድ ልብስ ብዛት፣ የጆግ ብዛት፣ የመዝገብ አያያዝ። ሠላሳ ዘጠነኛው ጥያቄ «አረጋውያኑ ደስተኞች ናቸው?» ይላል። በቅንፍ ውስጥ «ሥራ አስኪያጁ ይመልሱ» የሚል አለበት። ያንን ቅንፍ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሥራ ያፋጥናል ብዬ በግምገማ ላይ ተመስግኜበታለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ላለው መጦሪያ ከመቶ ዘጠና ስድስት ሰጠሁት። ነጥብ የቀነስኩበት በበሩ ሰሌዳ ላይ የፊደል ስህተት ስላገኘሁ ነው። ባለቤቴ አብርሆት ካረፈች በኋላ አክስቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። እኔ ደግሞ ዛሬ ደካ፣ ነገ ዋጫ እያልኩ ለመስክ ሥራ ስዞር የምውል ሰው ነኝ። እናም በ2001 ዓ.ም. አክስቴን እዚያው መጦሪያ አስገባኋት። ማንን አማክሬ? የገዛ ቁጥሬን። ሳስገባት ምን ብላ እንደሰደበችኝ አልደግመውም፤ መምሬ ወልደ ማርያም እዚህ ተቀምጠዋል።

ለቁጥጥር ከመሄዳችን ከአሥር ቀን በፊት «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ደብዳቤ በእኔ ፊርማ ይወጣል። ከበሮ እየመታ ሌባ ሊይዝ የሚሄድ ሰው እንደ ማለት ነው። ስንደርስ ምሳ ይቀርባል፤ ከምሳ በኋላ ማር ይመጣል። የማሩን ጥራት በጣም አደንቅ ነበር። በጎ አድራጊዎች ለአረጋውያኑ ያመጡት ማር መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። ከሽማግሌ አፍ ነጥቄ በልቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ አስጨምሬያለሁ።

ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን። አክስቴ አዲስ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ውሃ የሞላ ጆግ አለ። በሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ፣ ለቃለ ጉባኤው እንዲመች በአማርኛ፣ «ወይዘሮ አልጣሽ፣ አገልግሎቱ እንዴት ነው?» አልኳት። ያሳደገችኝን ሴት!

«እግዜር ይስጣቸው ልጄ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፤ ምን ጎደለብኝ» አለች። ዓይኗ የሥራ አስኪያጁ ጫማ ላይ ነበር።

በአማርኛ መረቀች። ለመጀመሪያ ጊዜም «ልጄ» አለችኝ። ደስ አለኝ። «ተገልጋይዋ የባሕርይ መሻሻል አሳይተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከሌሎቹ አልጋዎችም ምርቃቱ ሳልጠይቅ ይወርድ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፣ እንደ ተጠና ግጥም። የስታቲስቲክስ ሰው ነኝ፤ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ መጠርጠር እንዳለብኝ የተማርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው።

መኪናችን ድልድዩን ሳትሻገር ዝናቡ ወረደ፤ ጃንጥላዬን ረስቻለሁ። ተመለስኩ። አርባ ደቂቃ አልሞላም። ብርድ ልብሶቹ ከየአልጋው እየተነሱ፣ እየታጠፉ ወደ ግምጃ ቤት ይገባሉ። ጆጎቹ ተሰብስበዋል። የአክስቴ ቀኝ እጅ በገዛ መቀነቷ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል።

«እንዳትወድቅ ነው ጋሼ» አለችኝ ተንከባካቢዋ።

«ውሃውስ?»

«ከአሥር ሰዓት በኋላ አንሰጥም። አልጋ ያረጥባሉ።»

መቀነቱን ፈታሁ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ ጮህኩበት። አንቀጽ ጠቀስኩ፣ ንዑስ አንቀጽ ጠቀስኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ። አምሮብኝ ነበር። ከዚያስ? ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ። አዎ፣ እሷን እዚያው ትቼ። ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዳይዘሏት።

አራት ቀን ለመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አረቀቅሁ። ሦስት ረቂቅ፣ እያንዳንዱ ከቀደመው የተዋበ። የጩኸቴን ዋጋ በእነዚያ አራት ቀናት የከፈለችው አክስቴ ናት። «ለልጅሽ ነገርሽ አይደል?» ተብላ በቀን አንድ ኩባያ ውሃ ተሰጣት። በአምስተኛው ቀን ሳወጣት ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ጀርባዋ ላይ መዳፌን የሚያህል የመተኛት ቁስል ነበር። ጀርባ የሚል ጥያቄ በቅጼ ላይ የለም።

የደብዳቤዬ መልስ በሳምንቱ መጣ። «አቤቱታው በባለሙያ አቶ አባተ ባፈና ከተረጋገጠው የ96 በመቶ ውጤት ጋር ስለሚጋጭ ተቀባይነት አላገኘም።» ፖሊስ ጣቢያም ስሄድ ያ ወረቀት ቀድሞኝ ደርሷል። መልሱን ያረቀቀው የሥራ ባልደረባዬ ቢሻው ነው፤ ዛሬ ከምስክሮቼ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል።

«ጋሽ አባተ፣ ይሄ ደግሞ ይጻፋል?» አለ አሁን።

ይጻፋል። አይዞህ፤ ደብዳቤው እንከን የለውም። አጻጻፍ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

ወደ ንብረቴ እመጣለሁ።

አንደኛ፤ ይህ የምኖርበት ቤት ከነግቢው ለልጄ ለልዑልቃል ይሁን፤ አክስቴ እስከ ዕለተ ሞቷ እዚሁ እንድትኖርና እንዲጦራት ግዴታ ገብቶ። ባለፈው ሳምንት፣ «አባዬ፣ እንደገና እዚያ ብትገባስ? አሁን እኮ ተሻሽሏል፤ ዘጠና ሰባት አግኝቷል» አለኝ። ልጄ ሆይ፣ ያንን ዘጠና ሰባትም የወለድኩት እኔ ነኝ። አንተም እሱም ልጆቼ ናችሁ፤ ሁለታችሁንም በደንብ አልተከታተልኩም።

ስለዚህ አራቱ ምስክሮች በየተራ፣ ቀን ሳያስታውቁ፣ ወደዚህ ቤት ይምጡ። አንተ ደጅ ቁም። እሷን ለብቻዋ፣ በቋንቋዋ ያነጋግሯት። ጀርባዋን ከምስክሮቹ መካከል ወይዘሮ ታንጉት ይዩላት። አክስቴ ስትረግምህ፣ ስትሰድብህ፣ ቆጮው ጠነከረ ብላ አገር ስታውክ ከተገኘች ቤቱ ያንተ ነው። ስትመርቅህ ከተገኘች ግን፣ በተለይም በአማርኛ፣ ቤቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ የእህትህ የማርቲ ነው፤ ግዴታውም ከቤቱ ጋር ወደ ማርቲ ይሻገራል።

እዚህ ላይ ጋሽ ተክለጻድቅ መጻፍ አቁመው ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ። መምሬ ወልደ ማርያምም፣ «ልጄ፣ ምርቃት እንዴት ጥፋት ይሆናል?» አሉኝ።

ምርቃት ጥፋት አይሆንም፣ አባ። የጠገበች አክስቴ አትመርቅም እንጂ። ሌላ ሴት ብትሆን ሌላ ምልክት እፈልግ ነበር። ሳቂታ የነበረ ዝም ሲል፣ ዝምተኛ የነበረ ሲለፈልፍ፣ ሰውን የሚያውቅ ሰው ያውቃል። እኔ አልጋ ብቻ ነበር የማውቀው።

ሁለተኛ፤ ማንኪራ ያለው የቡና ይዞታዬ ለልጄ ለማርቲ ይሁን። በውስጡ ያሉት ቀፎዎች ማር ግን ለእሷ አይደለም፤ መጦሪያው ውስጥ ለቀሩት አሥራ አንድ አረጋውያን ነው። ለግምጃ ቤት አይረከብም፣ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ልዑልቃል ይሸከመው፤ ወይዘሮ ታንጉት ከየአልጋው እየደረሱ በማንኪያ ያቅምሱ። አንድ ጊዜ ሐሙስ፣ አንድ ጊዜ ሰኞ፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ይሁን። ማር ይዞ የመጣን ሰው በር ላይ የሚመልስ የለም፤ በዚያ ቤት ማር እንደሚወደድ እኔ ራሴ በልቼ አውቃለሁና። ማሩን እያቀመሱ ከንፈር ይመልከቱ፣ የእጅ አንጓ ይመልከቱ፣ ብርድ ልብስ ገልጠው ያሽትቱ። ክፉ ነገር ካዩ እንደ እኔ ጮኸው ጥለው እንዳይወጡ። መጀመሪያ የተጎዳውን ሰው ይዘው ይውጡ፣ ሐኪም አይቶ ይጻፍለት፤ ጩኸቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አውጥተው የሚያሳርፉበት ከጠፋ የዚህ ቤት የእንግዳ ክፍል ክፍት ነው፤ ይህም የቤቱ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፤ ጥቁሩ ጃንጥላዬ። ምስክር ከሚመሰክርበት ኑዛዜ አይጠቀምም፤ ስለዚህ ለቢሻው ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ለተቀመጠበት የሥራ ወንበር አወርሳለሁ። በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ለቁጥጥር በሄደበት ቦታ ይርሳው፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላም ተመልሶ ይውሰደው። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ የሠራሁት አንድ ቁጥጥር እሱ ነው፤ እሱንም የሠራው ጃንጥላው ነው።

አራተኛ፤ በቀብሬ ላይ የሕይወት ታሪኬ ይነበብ ከተባለ አጭር ይሁን። «ታታሪ» የሚለውን አልከለክልም፤ ታታሪ ነበርኩ፣ ጉዳቱም ከዚያ ነው የመጣው።

ቃሌ ይኸው ነው። ጋሽ ተክለጻድቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ እኔም ምስክሮቹም ሰማን። አክስቴም መስኮቱ ሥር ካለው አልጋዋ ላይ ሆና ስትሰማ ነበር። ከመፈረማችን በፊት መምሬ ወደ እሷ ዞረው፣ «እትዬ አልጣሽ፣ ሊፈርም ነው፤ እስቲ ልጅዎን አንዲት ቃል ይመርቁት» አሏት።

በካፊኖኖ መለሰች። ቢሻው ሳቁን ሊውጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጋሽ ተክለጻድቅ አልጽፍም አሉ፤ እኔ ግን ተተርጉሞ እንዲገባ አዝዣለሁ። ቃሏ ይህ ነው፦

«ይሄ ወረቀት በል፣ ያለ ወረቀት መሞት እንኳ አይችልበትም! ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስለ ውሃ ሲለፈልፍ የኔ ብርጭቆ ባዶ መሆኑን ያየ አለ? ተነስ!»

ብርጭቆው ባዶ ነበር። አምስት ሰው ከፊቷ ተቀምጠን አላየነውም። ወይዘሮ ታንጉት ሊነሱ ሲሉ አክስቴ፣ «አንቺ ተቀመጪ፤ እሱ ያምጣ» አለቻቸው። ግድግዳ እየተደገፍኩ ሄጄ አመጣሁ። ጠጥታ ስትጨርስ ውሃው ሞቀ አለችኝ።

ይህ ኑዛዜ የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። በፊርማዬ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ከእጄ የወረደ ውሃ ነው፤ ስርዝ ድልዝ ተብሎ እንዳይቆጠር።

ተናዛዥ፦ አባተ ባፈና ገሠሠ (ፊርማ)

ሲነገርና ሲነበብ የሰማን፣ ሲፈርምም ያየን፦
ተክለጻድቅ ዘርትሁን፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)
መምሬ ወልደ ማርያም (ፊርማ)
ወይዘሮ ታንጉት ሰብሃት (ፊርማ)
ቢሻው በእምነት (ፊርማ)